ያልተነፋው ጡሩንባ

«እስኪያልበኝ ነፋሁ» አሉ ጋሽ መልካሙ፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ ወዳለው ጡሩንባ እየጠቆሙ። «ምን ያደርጋል፣ ነፋሱ ድምፁን ወሰደው።»

የትናየት ጥርሷን ነከሰች። ሣጥኑ ላይ የተለጠፈችው ካርድም ያንኑ ትላለች፦ «ነፋስ ድምፁን ወሰደው።» ውሸት በሚያምር የእጅ ጽሑፍ!

ከመካነ ኢየሱስ በቅጥቅጥ አውቶቡስ አብረዋት የመጡት ዘጠነኛ ክፍሎች ከንፈራቸውን መጠጡ። የጎርፉ መታሰቢያ አንዲት ክፍል ናት፤ ደለል የሞላው ጫማ፣ የተሰበረ ቀንበር፣ የዐሥራ አንድ ሟቾች ፎቶ። ደጁ ላይ ስማቸው የተቀረጸበት ድንጋይ ቆሟል። አራተኛው ስም ጌታቸው ነው፣ የየትናየት አባት። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ ሚካኤል ዕለት፣ ከገበያ ሲመለስ መሻገሪያው ላይ ደራሽ ውሃ ወሰደው።

የአገሩ ደንብ የታወቀ ነው። ውሃ በሚሞላበት ወቅት አንድ ተረኛ ጉብታው ላይ ሆኖ ወንዙን ይጠብቃል። ጎርፍ ሲያይ ጡሩንባ ይነፋል፤ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይወጣል። የዚያን ዕለት ተረኛው ጋሽ መልካሙ ነበሩ። የትናየት በአፏ አንቱ ትላቸዋለች፤ በልቧ ግን አንተ ካለችው ቆይታለች።

እውነቱን የነገራት የገዛ ልጃቸው ክንዱ ነው፣ የክፍሏ ልጅ። «አባዬ ማኅበር ላይ ጠላ ሲጠጣ ነበር፤ ጉብታው ላይ አልወጣም። ለማንም እንዳትነግሪ!» ብሎ በሚካኤል አስማላት። ምላለች። አልበቀልም ብላ ግን አልማለችም።

እጇን አወጣች። «ጋሽ መልካሙ፣ እስቲ አንዴ ይንፉልን።»

«አይሆንም፣ ሰው ይደነግጣል።»

«ዛሬም እኮ ነፋስ ነው» አለች፣ የሚንገጫገጨውን በር እያሳየች። «ማን ይሰማል?»

«ይነፋ! ቪዲዮ እንቅረጽ!» ብሎ ተማሪው ጮኸ። መምህርት ቅድስትም «ለልጆቹ ሲሉ» ብለው ለመኗቸው። ክንዱ ብቻ የትናየትን ያያታል።

ጡሩንባውን ከሣጥኑ አውጥተው ደጅ ወጡ። ነፋሱ የመምህርቷን ነጠላ ሊነጥቅ ይታገላል። ጋሽ መልካሙ ቀስ አድርገው ነፉ፤ እንዲያም ሆኖ ድምፁ ሸለቆውን ሞላው።

ታች መሻገሪያው ላይ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ብድግ አሉ። አንዷ ዘፍዝፋው የነበረውን ልብስ ጥላ ሮጠች፤ ሌላዋ ልጇን አንጠልጥላ ዳገቱን ተያያዘችው። ውሃው መሀል የደረሰ ገበሬ አህያውን እየጎተተ ተመለሰ። ወዲያው ወንዙ ባዶ ሆነ።

ስልክ የደገኑት ቀስ በቀስ አወረዱ። «ይሰማል እንዴ?» አለ አንዱ። ሁሉም ወደ ጋሽ መልካሙ ዞረ።

ይበለው! የትናየት እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። እንዲህ ሲያልበው ልታይ ስንት ቀን ስትጠብቅ ኖራለች።

ልጇን ያንጠለጠለችው ሴት እያለከለከች ደረሰች። እግሯ ደምቷል። «ውሃው የታለ? ኧረ በማርያም፣ የታለ?»

«የለም፣ እትዬ» አለች የትናየት፣ የደማ እግሯን እያየች። «ያስነፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።»

ለሴትዮዋ አዘነች። ለሰውየው ግን አላዘነችም። ወደ መታሰቢያው ክፍል ተመልሳ ያቺን ካርድ ከሣጥኑ ላይ ላጠች፤ ይዛት ወጥታ ባዶውን ገጽ ገልብጣ ለጋሽ መልካሙ ሰጠቻቸው።

«እኔ ምያለሁ፣ አልናገርም» አለች በዝግታ። «እርስዎ ይጻፉት።»

«እስክሪብቶ የለኝም» አሉ ሰውየው።

ክንዱ መጣ። የትናየትን ቀና ብሎ አላያትም። ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ በአባቱ መዳፍ ላይ አኖረና ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ።

ሹፌሩ ሞተር አስነሳ። መምህርት ቅድስት ጠሯት። የትናየት ድንጋዩ ሥር፣ ከአባቷ ስም አጠገብ ተቀመጠች።

«እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ» አለች።