ያልደረቀው ቀለም

ይህ የሆነ ነገር ነው። ያላመነ መካኒሳ ሄዶ ይጠይቅ።

ቀኑ ማክሰኞ... ከቀኑ ሰባት ሰዓት... ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ሲራክና ሮበሌ በአንድ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የስፒከር ሳጥን ይሠራሉ። ሲራክ እንጨቱን ቆርጦ ይገጥማል፣ ሮበሌ ቀለም ይቀባል። ደንበኛ የሚያየው ግን ቀለሙን ብቻ ነው።

«ሮቤ፣ ይሄ እኮ መስታወት ነው!» ይሉታል።

ለሲራክ «እጅህ ይባረክ» ያለው የለም። ቅናት አንጀቱን ሲበላው ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ያን ቀን ሮበሌ ለሰርግ የታዘዘ ጥቁር ሳጥን ቀብቶ ጨረሰ።

«እንዳትነካው፣ አልደረቀም» ብሎት ምሳ ሄደ።

እንዳትነካው! ለሥራ ባልደረባው!

ሲራክ ግራ ቀኙን አየ... አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ጫን አደረገ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለው።

«አንተ ነህ?» አለ ሮበሌ ሲመለስ።

«ሀና ማርያምን፣ አልተጠጋሁም!»

ሮበሌ አሻራውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ ደግሞ ቀባው።

በማግስቱ አሻራው እዚያው ነበር።

ፈገፈገ። ቀባ። ሐሙስ አሻራው ሁለት ሆነ... አርብ አምስት።

ሮበሌ በፈገፈገ ቁጥር የሲራክ ጣቶች ይቃጠላሉ። «የቀለሙ ማቅጠኛ፣ ቲነሩ ነው» ይላል ለራሱ።

«ሲራክ» አለ ሮበሌ በሹክሹክታ። «ዳብሰው እስቲ። ወደ ውስጥ የገባ አይደለም... ከውስጥ የተገፋ ነው።»

ሲራክ አልዳበሰም።

ቅዳሜ ጠዋት መታወቂያ ሊያወጣ ላፍቶ ተሰለፈ። መዝጋቢዋ ሴና አሻራ ለመውሰድ ጣቱን ሦስት ጊዜ አስጠረገችው።

«ወንድሜ... ጣትህ ላይ ምንም መስመር የለም እኮ።»

አየው። ልሙጥ ነው። ያብረቀርቃል።

ስልኩ ጠራ። ሮበሌ ነው።

«ሲራክ... ዛሬ ሳጥኑ ላይ የወጣው የጣት አሻራ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ፊት ነው። የሰው ፊት... የማን እንደሆነ አልለየሁትም። ልፈግፍገው?»

ሲራክ ልሙጥ ጣቱን አየ። «ተው፣ እኔ ነኝ» ቢል ያበቃ ነበር።

ግን ለሮበሌ? ለዚያ «መስታወት» ለሚባልለት?

ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ፈግፍገው» አለ።

በስልኩ ውስጥ ድምፁ ጀመረ። ሽርር... ሽርር...

«በቃ ለፎቶው ቀና በል» አለች ሴና። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«ወንድሜ... ለምንድነው ፊትህ ላይ ራሴን የማየው?»