ያልተገጠመው ጥርስ

ታምኑኛላችሁ ብዬ አይደለም የምጽፈው። የሆነው ግን ሆኗል። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር... እጄም ነክቶታል።

ቦታው ጄጁ ደሴት፣ በስተምሥራቅ ያለች የጠላቂዎች መንደር። ወሩ ጥር። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት።

ፀሐይ ነበረች። ይህን የምለው "ጨለማ ዓይንሽን አታሎት ይሆናል" የሚለኝ ሰው ስለማይጠፋ ነው።

እናቴ ያንግ ቹኖክ ትባላለች። ዕድሜዋን ሙሉ ባሕር ሥር እየገባች የባሕር ቀንድ አውጣ የለቀመች ሴት ናት። ያለ ኦክሲጅን፣ በትንፋሿ ብቻ።

እነዚህ ሴቶች ከውኃው ብቅ ሲሉ አምቀው የያዙትን ትንፋሽ የሚለቁት በፉጨት ነው። የአንዷ ፉጨት ከሌላዋ አይመሳሰልም። ማዕበል መሃል ሆነው በዓይን አይተያዩም፤ በጆሮ ነው የሚጠባበቁት። ፉጨቷ የተሰማ፣ በሕይወት አለች ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት እናቴ አረንጓዴ አልጌ የለበሰ ድንጋይ ላይ ተንሸራታ ወደቀች። የላይኛው የፊት ጥርሷ ወለቀ።

ፉጨቷም አብሮ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ከአፏ የሚወጣው "ፍፍፍ..." ብቻ ሆነ።

"አንቺ ቹኖክ፣ እንፋሎት እንደሚያመልጠው የሩዝ ድስት ሆነሽ ቀረሽ እኮ" አለቻት ማልሱን። ማልሱን ከልጅነት ጀምሮ አብራት የጠለቀች ጓደኛዋ ናት፤ እኔ አክስቴ ነው የምላት።

"አንቺ ደግሞ ጥርስሽ ሞልቶ መቼ ደህና ነገር ከአፍሽ ወጣ?" አለች እናቴ።

መጀመሪያ የሚወልቅ ጥርስ አሠራሁላት። አድርጋው ባሕር በገባች ቀን፣ ገና በመጀመሪያው ፉጨት ከአፏ ተስፈንጥሮ ሰመጠ።

"ደግ ነው" አለች ማልሱን። "እዚህ ባሕር ውስጥ ከእንግዲህ የሚስቅ ኦክቶፐስ አለ።"

ሁሉም ሳቁ። እናቴ ግን አልሳቀችም።

ማታውን "ሚሪዮንግ" አለችኝ። "እነሱ ዛሬ ሦስት ጊዜ ዞረው ፈለጉኝ። አጠገባቸው ሆኜ።"

በማግስቱ ወደ ከተማ ይዣት ሄድኩ። የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ቡ ወጣት ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም።

"ልተፋው የማልችለው ጥርስ የለህም?" አለችው።

"አለ፣ እማማ። ኢምፕላንት ይባላል።" ከመሳቢያው የጥፍር ግማሽ የምታህል ብሎን አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። "ይቺ ቲታኒየም ናት። መንጋጋዎ ውስጥ በወለቀው ጥርስ ሥር ፈንታ ትገባለች። ከዚያ መጠበቅ ነው። አጥንቱ ቀስ በቀስ ያቅፋታል። አጥብቆ ሲያቅፋት ላይኛውን ጥርስ እደርብና በዚህች ቁልፍ አጠብቀዋለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እንደ ራስዎ ጥርስ ነው። ይነክሱበታል... ያፏጩበታል። ስሜት ብቻ የለውም። ነርቭ ስለሌለው አያምዎትም።"

"መቼ ይደርሳል?"

"ጥር ላይ። እስከዚያ ግን ባሕር የለም።"

"ያለ ሥር ስጠልቅ ኖሬ፣ አሁን ሥር አብቅዬ ልቀመጥ?"

ዶክተሩ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ብሎኗ ገባች። እናቴ ጥቂት ሳምንታት ቤት ተቀመጠች። በታኅሣሥ፣ ባሕሩ እንደ መስታወት በተኛበት አንድ ቀን፣ ለማንም ሳትነግር የጎማ ልብሷን ለብሳ ወረደች።

ስምንት ሰዓት ላይ ማልሱን ጆሮዋን አቅንታ የሴቶቹን ፉጨት ቆጠረች። የእናቴ አልነበረም።

ማንም አልደነገጠም።

የእሷን አለመስማት ለምደውት ነበር...

ቀና ብለው ሲያዩ የለቀመችውን የምታንጠለጥልባት ተንሳፋፊ ኳሷ ብቻዋን ቆማለች። ብርቱካንማ። ዝም ያለች።

የባሕር ጠባቂዎች በጀልባም በሄሊኮፕተርም ፈለጉ። ከዚያ አቆሙ። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ፤ መቁጠሪያዬ ከእጄ አልወጣም። ሕይወቷን መልስልኝ ብዬ አልጸለይኩም። የምቀብረው አካል ስጠኝ ነበር የምለው። የምቀብረው ብቻ። ሌላ ምንም አልለምንህም።



የቤቷን ስልክ ከግድግዳው ነቀልኩ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። የሚያደርገኝን አጣሁ። መንገድ ላይ ልብሷን የመሰለ ልብስ ሳይ እከተል ነበር።

በጥር መጀመሪያ ከክሊኒኩ ተደወለ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ናት።

"እትዬ፣ ይቅርታ... የእናትዎ ጥርስ ደርሷል። ደግሞ... እባክዎ እንዳይደውሉልን ይንገሩልን።"

"ማን?"

"እናትዎ። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይደውላሉ። አይናገሩም። እኔም 'እማማ፣ ጥርስዎ ደርሷል፣ ይምጡ' እላለሁ... ዝም።"



"ዝም ብቻ?"

"ትንፋሽ አለ። በቀዳዳ እንደሚያልፍ ንፋስ..."

"በየትኛው ቁጥር?"

ነገረችኝ። የእናቴ ቤት ስልክ ነው።

በረርኩ። በሩ እንደቆለፍኩት ነው። ገመዱም እንደነቀልኩት መሬት ላይ ተጋድሟል። አቧራው እንኳ አልተነካም።

እጀታውን አነሳሁ። የመናገሪያው ቀዳዳዎች ላይ ነጭ ነገር ደርቋል።

በምላሴ ነካሁት...

ጨው።

ወደ ማልሱን ሮጥኩ። ሴቶቹ ባሕሩ ዳር ባለው የድንጋይ አጥር ውስጥ እሳት ከበው ተቀምጠዋል። የጎማ ልብሳቸው ደረቅ ነው። ባሕሩ የተረጋጋ ሆኖ አልገቡም።

"ለምን አልጠለቃችሁም?" አልኩ።

አንዷም ቀና አላለችም። ማልሱን ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

"እንሰማታለን" አለች በሹክሹክታ።

"ማንን?"

"ፍፍፍ... ትላለች። ብቅ ስንል፣ ከጀርባችን። ስንዞር የለችም። ልጄ... ልትጠራን ትሞክራለች። የምትጠራበት ነገር ግን የላትም።"

ሁልጊዜ የምትቀልደው ማልሱን ዞር ብላ ባሕሩን አየች።

"የሙታንን ነፍስ የምትጠራው አዋቂ ነገ ትመጣለች" አለች። "የእናትሽን ነፍስ በሩዝ ሳህን ከባሕር እናወጣታለን። እምነትሽ እንደማይፈቅድ አውቃለሁ። አትስገጂ። ሩዙን ግን የወለደቻት ናት መቀቀል ያለባት።"

ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት እሱ ፈጣሪ ያውቃል። ሲነጋ ግን እግሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ወደ ክሊኒኩ ወሰደኝ።

ዶክተር ቡ ጥርሱን በትንሽ የላስቲክ ሣጥን ሰጠኝ። ነጭ፣ ጫፉ በልኩ ትንሽ የተሸረፈ። እንደ ሌሎቹ ጥርሶቿ አስረጅቶ ሠርቶታል።

የእናቴን መጥፋት ሰምቷል። "ለመታሰቢያ ነው?" አለኝ።

"አዎ።"

"ብቻውን ምንም አይሠራም፣ እትዬ። የሚያጠብቀው ብሎን አለ፣ ቁልፉ ደግሞ እኔ ጋ ነው።" መሳቢያውን ነካ አደረገ። "ያለ እሱ አይገጥምም።"

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ቆምን። ሩዙን እዚያው አቅራቢያ ካለችው ከማልሱን ቤት ቀቅዬ በትኩሱ አመጣሁ። በነሐስ ሳህን ሞላሁት።

"ሩዝ ብቻ" አለች አዋቂዋ። "ሌላ ነገር እንዳይገባ። ባሕር ያልጠየቀውን ከሰጡት፣ ያልታሰበውን ይመልሳል።"

ራሴን ነቀነቅሁ።

ፊቷን ስታዞር ጥርሱን ከሣጥኑ አውጥቼ ሩዙ ውስጥ ቀበርኩት።

ለምን አደረግሽው ትሉኝ ይሆናል። የምትጠራበት ነገር የላትም ተባልኩ እኮ። እኔ ልጇ ነኝ... ምን ላድርግ?

ሳህኑ ተከደነ። በነጭ ጨርቅ ተጠቀለለ፣ ተቋጠረ፣ በረጅም ገመድ ታስሮ ተወረወረ። አዋቂዋ ስሟን እየጠራች ደወሏን መታች። እኔ ኪሴ ውስጥ መቁጠሪያዬን ጨብጫለሁ።

ገመዱ ላላ ብሎ ቆየ።

ከዚያ... ተወጠረ።

አልተጎተተም። አንድ ሰው ከታች ቀስ ብሎ እንደያዘው ብቻ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ተለቀቀ።

"ሳቡ" አለች አዋቂዋ።

ጨርቁ ውኃ ጠጥቶ ወጣ። ቋጠሮው አልተነካም። ክዳኑም እንደተገጠመ ነው። ስንከፍተው ሩዙ ደረቅ ነበር።

ከመሃሉ አንድ ጉርሻ ጎድሏል።

ጣቴን አስገብቼ ሩዙን በተንኩ። ጥርሱ የለም።

አዋቂዋ አየችኝ። "ምን አስገባሽ?"

 በዚያች ቅጽበት ከባሕሩ ፉጨት ተሰማ።

ቀጭን። ረጅም። ንጹሕ። መጨረሻው ላይ ትንሽ ወደ ላይ የሚነሳ።

ማልሱን በጣቷ ሴቶቹን ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ሁላቸውም ድንጋዩ ላይ፣ አጠገባችን ናቸው።

"ቹኖክ ናት" አለች። "የድሮዋ ቹኖክ።"

እንደገና ተፏጨ። በስተቀኝ፣ አፍንጫ ከምንለው ቋጥኝ በኩል። ጠባቂዎቹ ደጋግመው የፈለጉበት ቦታ ነው። ማንም "እንሂድ" አላለም፤ ሁላችንም ግን እየሄድን ነበር። በሄድን ቁጥር ይጠራናል። ስንሳሳት ዝም ይላል። ስንመለስ ያፏጫል።

ቋጥኙ ሥር፣ ውኃው በሸሸበት ስንጥቅ ውስጥ፣ የጎማ ልብሷን ለብሳ ተቀምጣለች።

ፉጨቱ ቆመ።

ባሕር የወሰደውን እንዴት አድርጎ እንደሚመልስ አልነግራችሁም። ፊቷን አይቼ አላወቅኋትም። ይህ ይበቃል።

ፖሊስ መጣ። ወደ ሆስፒታሉ ቀዝቃዛ ክፍል ወሰዷት። ማንነቷን የሚያረጋግጥ ሰው ሲፈለግ፣ መንጋጋዋ ውስጥ ያለችውን ብሎን የሚያውቀው ዶክተር ቡ ተጠራ። እስኪደርስ መሽቶ ነበር። ራጁንና መሣሪያዎቹን ይዞ መጣ።

ጓንቱን አጠለቀ። ከንፈሯን በቀስታ ገለጠ።



ጥርሱ ቦታው ላይ ነው።

"ሰጥቼዎት ነበር" አለኝ በሹክሹክታ። "ትናንት... አይ፣ ዛሬ ጠዋት። በእጄ ሰጥቼዎት ነበር።"

"አዎ።"

በጣቱ ሊያነቃንቀው ሞከረ። አልነቃነቅ አለ። ቁልፉን አውጥቶ ከጥርሱ ጀርባ ባለችው ቀዳዳ ሰደደው፤ ሊያዞረው ሞከረ። አልዞረም።

"ጠብቋል" አለ። "እኔ እንደማጠብቀው፣ ልኩን። ማን..."

አልጨረሰውም። ቁልፉን እያየ ቆመ። ቀኑን ሙሉ ከመሳቢያው አልወጣም ነበር።

ከዚያ አፏን ከፈተ።

ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተራመደ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"እትዬ ሚሪዮንግ... ምን ነበር ያበሏቸው?"

ቀረብኩ። ምላሷ ላይ ነጭ ነገር አለ።

ሩዝ ነው። አንድ ጉርሻ፣ ያልታኘከ።

ክፍሉ በረዶ ነበር፤ የሁላችን ትንፋሽ ይታያል። እጄን ዘረጋሁ። መንካት እንደሌለብኝ አውቅ ነበር። እናቴ ናት ግን... በጣቴ ጫፍ ነካሁት።

ገና ትኩስ ነበር።