የኡራን ወተት

እንድሪያስ የሞተው ግማሽ ፊቱን የገዛ ትውከቱ ውስጥ ደፍቶ ነበር። ቀኑ ሐሙስ፣ የካቲት ሦስት ቀን 2008 ዓ.ም.፤ ቦታው ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ የወይዘሮ እታለማሁ ሆቴል፣ ክፍል ቁጥር አራት። ዝንቡ ከፖሊስ ቀድሞ ደርሷል። ሰውም ከዝንቡ አልተሻለም፤ ኢንስፔክተር ሀዎ በሩ ላይ ስትደርስ ሦስት ሰዎች ሬሳውን በስልካቸው ያነሱ ነበር። አንዱማ «ታላቁ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ፣ ነፍስህን ይማር» ብሎ ከነትውከቱ ፌስቡክ ላይ ለጥፎታል።

«ቶኬኒ!» ብላ ጮኸችባቸው። «ውጡ! አታፍሩም?»

አላፈሩም፤ እየተገፉ ወጡ እንጂ።

ሀዎ ከዚህ ሆቴል ሁለት አጥር አልፎ ባለ ግቢ ተወልዳ ያደገች የቦረና ልጅ ናት። ቤቷ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት ስዋሂሊ፣ ከሐበሻ ነጋዴ ልጆች ጋር ስትጫወት ደግሞ አማርኛ ለምዳለች፤ በሦስቱም ሊዋሻት ለሚሞክር ሰው ትዕግሥት የላትም። አፍንጫዋን በሻሿ ሸፍና ተንበረከከች። ትውከቱ ቀይ ነው፤ ቅርንፉድና የዝንጅብል ቃጫ ይታይበታል። የሟቹ ሽበታም ጺም እንደ ትውከቱ ቀልቷል። ከላዩ የከብት መዥገር መድኃኒት ሽታ ይከረፋል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኩባያ ግን እስከ አፉ ድረስ ነጣ ባለ የወተት ሻይ ተሞልቷል። እሱም ያንኑ መድኃኒት ይሸታል።

«አፋንዴ፣ ጉዳዩ አልቋል» አላት ሳጅን ፉፋ። «ወተቱን ዛሬ ጠዋት ያመጣው ሁቃ የሚባል የኡራን መንደር ሽማግሌ ነው። ጄሪካኑ ያው በረንዳው ላይ ነው። ሽማግሌውን ይዘነዋል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናው ወደ ማርሳቢት ፍርድ ቤት ይወስደዋል። ነፍስ ግድያ ስለሆነ በዚያ ዕድሜው የሚመለስ አይመስለኝም።»

ሀዎ ሰዓቷን አየች። አምስት ሰዓት ነው።

«እስከ ዘጠኝ ድረስ ማንም እንዳይነካው» አለች።

እንድሪያስን የማያውቅ አልነበረም። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ ክራሩን አንግቶ ድንበር የተሻገረ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ሁለት ዓመት ድንኳን ውስጥ ኖረ። ከዚያ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ አዲስ አበባ። ለአሥራ አራት ፊልሞች ሙዚቃ ደርሷል። ከሁሉ የገነነው የመጀመሪያው ፊልሙ መክፈቻ ነው፤ አንዱ ሲያወርድ ሌላው እየተቀበለ የሚያነሳው፣ ቃል የሌለው ዜማ። ዛሬ ሠርግ ላይ ይመታል፣ ለሳሙና ማስታወቂያ ይመታል፣ የስልክ መጥሪያ ሆኗል። ሽልማት በተቀበለ ቁጥር «በእንቅልፌ ነው የመጣልኝ» ይል ነበር፤ አዳራሹም ያጨበጭባል። አሁን ደግሞ የሕይወት ታሪኩን ፊልም የሚሠራ ዳይሬክተር፣ የስደቱን አቧራ ሊቀርጽ፣ ከአዲስ አበባ ይዞት መጥቷል።

ሀዎ ከባለ ሆቴሏ ጀመረች። እታለማሁ ኩሽና በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«እትዬ፣ ሻዩን ማን አፈላው?»

«እኔው ነኝ ሀዎዬ። ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ድፍን ብሎ ነበር። ዝንጅብልና ቅርንፉድ ያለበት ሻይ በፔርሙዝ አንድ ሰዓት ላይ አስቀመጥኩለት። የወተት ጠብታ የለበትም፤ ማርያምን!»

«የሁቃስ ወተት?»

«እሱማ ከሰኞ ጀምሮ ያመጣለታል። እንድሪያስ በሁለት እጁ ይቀበልና፣ ሽማግሌው ዞር ሲል ለኩሽናዋ ለፎዚያ ይሰጣታል።» እንባዋን ጠረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ የምልሽ ሀዎዬ፣ ክፍሉን ቀለም ልቀባው ወይስ እንዲሁ ልተወው? ታላቁ እንድሪያስ የሞተበት ብሎ ሰው የሚከራየው ይመስልሻል?»

ሀዎ ማስታወሻዋን ዘጋች። «ፖሊስ ሳይጨርስ ማንም አይነካውም» ብላት ወጣች።

የሟቹ ሚስት ፀዲ ክፍል አምስት ውስጥ ነበረች። ከጎረቤት ቡቲክ ያስመጣቻቸውን ሦስት ጥቁር ቀሚሶች አልጋው ላይ ዘርግታ ታማርጣለች።

«ትናንት ከባለቤትዎ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ምን ላድርግ? ሃያ ዓመት በእንቅልፌ መጣልኝ ሲል ኖሮ፣ ትናንት እውነቱን በካሜራ ፊት እናገራለሁ ብሎ ተነሳ! ያ ዜማ የሁቃ ነው አለኝ። ኡራን ጉድጓድ ላይ ከብት ሲያጠጡ የሚያዜሙት ነው፤ በዋልዳ ጊዜ በቴፕ ቀድቶ ወስዶታል። ‹ስሙን ሳልመልስለት አልሞትም› ሲለኝ፣ ‹እኔስ የሌባ ሚስት ልባል?› አልኩት።»

«ተናገረ ታዲያ?»

«አመሻሹ ላይ ለዳይሬክተሩ ለባምላክ ተናግሮ ተቀርጿል። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ዳይሬክተሩ ባምላክ ግቢው ውስጥ ካሜራውን አቁሞ ወደ ክፍል አራት በር አነጣጥሯል። አንገቱ ላይ ወፍራም ማተብ አስሯል።

«ሬሳው ሲወጣ እንዳያመልጠኝ ነው» አለ። «ለታሪክ ያስፈልጋል፣ ኢንስፔክተር።»

«የትናንቱን ቃለ መጠይቅ ያሳዩኝ።»

«ካርዱ ተበላሸብኝ። አንዳንዴ ያጋጥማል።»

«ዛሬ ጠዋትስ ክፍሉ ገብተው ነበር?»

«ሁለት ሰዓት ላይ፣ ማይክ ላስተካክል። ደህና ነበር፤ ወተቱን ሻዩ ላይ እየጨመረ ነበር። ጾም ካልሆነ በየማለዳው አብረን እኮ ነው የምንጠጣው! እሱ ያን ወተት ሲወድ! እኔም ሰኞና ማክሰኞ ከጄሪካኑ እየቀዳሁ ጠጥቻለሁ፤ ትናንት ረቡዕ ስለሆነ ተውኩት። ዛሬ ደግሞ ቸኩዬ ነበር።» አማተበ። «እግዚአብሔር ነው ያተረፈኝ።»

«ጣዕሙ እንዴት ነው?»

«ቀጠን ይላል፣ ጭስ ጭስ ይላል፤ ግን ግሩም ነው። እንዲህ ያለ ወተት አዲስ አበባ የት ይገኛል?»

ሀዎ ማተቡን ትንሽ አየችው። ማስታወሻዋ ላይ አንድ መስመር ጻፈች፤ በሩ ጋ የቆመውን ፉፋን ጠርታ የባምላክን ፎቶ በስልኳ አንስታ ላከችለትና ወደ ገበያ ሰደደችው።

ሁቃ ጣቢያው ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጧል። ሰባን ያለፈ፣ ድምፁ የሻከረ ሽማግሌ ነው። በኦሮምኛ አወሩ፤ ሀዎ እንደ አያት ነው የጠራችው።

«አካኮ፣ እንድሪያስ ወተትዎን ይጠጣ ነበር?»

«እሱ? በዋልዳ ጊዜም አንድ ቀን አልቀመሰም። ወዳጅ ባዶ እጄን አልጠይቅም ብዬ ነው የማመጣው፤ ለማን እንደሚሰጠው አውቃለሁ። ላሞቹ ድርቁን ሸሽተው ርቀዋል፤ ደጅ የቀረውን አልቤ መጣሁ።»

«ዜማውን እንደወሰደብዎትስ ያውቁ ነበር?»

«ልጄ በስልኳ አሰማችኝ። የአባቴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።»

«አልተናደዱም?»

«እንዴት አልናደድ! ግን እሑድ ዕለት ኡራን ድረስ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። ስምህን ለሰው ሁሉ እናገራለሁ አለኝ። ሳይናገርልኝ ለምን እገድለዋለሁ?»

ስምንት ሰዓት ላይ ሀዎ ሁሉንም ሆቴሉ ግቢ ውስጥ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ሰበሰበቻቸው። ሁቃ ከነካቴናው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። መኪናው በር ላይ ደርሷል።

«ከትውከቱ ልጀምር» አለች። «ያስጠላል፤ የዚህ ጉዳይ ሁሉ ነገር ያስጠላል። ትውከቱ ቀይ ነው፤ ጺሙም ቀይ ነው። ነጭ ጠብታ የለም። ስለዚህ እንድሪያስ የጠጣው ወተት የሌለበትን ሻይ ነው፤ መርዙ የነበረው ፔርሙዙ ውስጥ ነው። አፍንጫው ስለተደፈነ አልሸተተውም። ኩባያው ላይ ወተት የተጨመረው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው።»

«ወተት ያመጣው ሰው እንዲጠረጠር» አለ ፉፋ።

«እኮ! ሁቃ ራሱን አያስጠረጥርም። ታዲያ ማን ነው? ወይዘሮ ፀዲ፣ ባለቤትዎ ይህን ወተት ይጠጣ ነበር?»

ፀዲ ፊቷን አጨማደደች። «ቢሞት አይነካውም!»

«እትዬ እታለማሁ?»

«ማተብ ያሰረ ሰው እንዴት ብሎ ይጠጣዋል፣ ሀዎዬ?»

ባምላክ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን ተመለከተ። «ለምን አይጠጣም? ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ? ጾም የለም።»

«የጾም ጉዳይ አይደለም» አለች ሀዎ። «ላሞቹ ከኡራን ከሄዱ ወራት አልፏል። የግመል ወተት ነው።»

የባምላክ እጅ ወደ ማተቡ ሄደ። ከንፈሩ አመድ መሰለ። ወዲያው ዞሮ የኒሙ ግንድ ሥር ያለ የሌለውን አወጣው። ሰው ገድሎ ቁርሱን የበላ ሆድ ለግመል ወተት ተገለበጠ። እታለማሁ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ ሁለት ቀን ሲጠጣ እያየች ዝም ያለችው ሆቴሏን ጉሮኖ ስላለባት ነው። በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚስቅ ሰውም አለ።

«እዚህ ያለ ሰው ሁሉ፣ የታሰረው ሽማግሌ ጭምር፣ እንድሪያስ ይህን እንደማይጠጣ ያውቃል» አለች ሀዎ። «የሚያውቅ ሰው በዚህ ወተት አያሳብብም። የማያውቀው እርስዎ ብቻ ነበሩ፣ አቶ ባምላክ። እሱ ሲጠጣ አይቻለሁ ብለው የዋሹኝም እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ፉፋ ቀጠለ። «የከብት መድኃኒት ሻጩ ቀመር ፎቶውን አውቆታል። ዛሬ ማለዳ ሱቁን ሲከፍት የመዥገር መድኃኒት ሸጦለታል። ስንት ከብት አለህ ቢለው ሳቀ።»

«አንድ ዓመት!» ብሎ ባምላክ ጮኸ፤ አገጩ ላይ ገና ትውከት አለ። «አንድ ዓመት የለፋሁበት ፊልም የሌባ ታሪክ ይሁን?»

«በሕይወት ያለው ይናዘዛል፣ የሞተው ይወደሳል» አለችው ሀዎ። «እርስዎ ለፊልምዎ የሚወደሰውን መረጡ። ካርዱንም ያጠፉት ለዚያው ነው።»

ካቴናው ከሁቃ እጅ ወጥቶ ባምላክ እጅ ገባ። መኪናው በሰዓቱ ተነሳ።

ሀዎ ወደ ፀዲ ዞረች። «ዜማው የማን እንደሆነ ለጋዜጠኞች ይነግሩልናል?»

«ለአንቺ ነገርኩሽ፤ ይበቃል። የሞተ ሰው ስም አላጎድፍም።» ስልኳ ጠራ። መጥሪያው ያው ዜማ ነበር፤ ሁቃ ቀና ብሎ አያት። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ማልቀስ ጀመረች። «አዎ፣ ታላቁን እንድሪያስን አጣነው» ትላለች ለደወለው ሰው።

ሀዎ ጣቢያ ገብታ መዝገቡን ራሷ ጻፈች። ዜማው የኡራኑ የሁቃ መሆኑን፣ እንድሪያስ ወስዶ እንደኖረ፣ ሊመልስ ሲል እንደተገደለ፣ ሁሉንም የግድያው ምክንያት በሚለው ሥር አሰፈረች። ይህን የሚናገር ሌላ ወረቀት በምድር ላይ የለም። ለሁቃ በኦሮምኛ አነበበችለት፤ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ።

«ይህ ወረቀት የት ይቀመጣል?» አላት።

«ማርሳቢት፣ መዝገብ ቤት።»

«ማን ያነበዋል?»

«ዳኛው። ጠበቆቹ።»

«ሌላስ?»

ሀዎ ልትዋሽለት ፈለገች፤ አፏ እምቢ አላት።

«ማንም» አለችው።

ሁቃ ቀለም የነካውን ጣቱን አገላብጦ አየ።

«ማንም የማይሰማው ከሆነ» አላት፣ «ሰውየውን ለምን ገደሉት?»