አላስተኛትም

ይህን አንብባችሁ "ፈጥራ ነው" ብትሉኝ አልቀየማችሁም። ግን ደርሶብኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ ወጥ ቤቱን ሞልታው ሳለ። ቤት ውስጥ እኔና የአስራ አንድ ዓመት ልጄ ብቻ ነበርን።

ልጄ አስም አለባት። ከትምህርት ቤት ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ደረቷ ያፏጭ ጀመር። ከንፈሯ ጠቆረ።

እኔ በዚህ ዕድሜዬ ነው ፊደል የቆጠርኩት። የማታ ትምህርት መምህራችን ለቤታችሁ የሚጠቅም ነገር ገልብጡ ሲሉን፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ የሰጠችኝን መመሪያ በእጄ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ።

ቀጥ አድርገሽ አስቀምጫት...

የአንገት ቁልፏን ፍቺ...

የሚነፋውን መድኃኒት ወዝውዘሽ አፏ ውስጥ ንፊላት...

አምቡላንስ ጥሪ...

ከዚያ እኔ ያልጻፍኩት አምስተኛ መስመር ነበር።

"መጀመሪያ አስተኚያት። መስኮቱን ዝጊ።"

የኔ ፊደል ይንጋደዳል። ይሄኛው ግን እንደ መጽሐፍ ቀጥ ያለ ነው። ቆንጆ ጽሑፍ ሳይ ደግሞ አምናለሁ፤ ትናንት የተማርኩ እኔ ማን ነኝና?

መስኮቱን ዘጋሁ። ልጄን ደግፌ ወደ መኝታ ቤት ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ትንፋሿ ይብስ አጠራት። ቀሚሴን ጨመደደችው።

"እማዬ... ተኝቼ... አልችልም..."

ከመኝታ ቤት አንዲት ሴት በሹክሹክታ መለሰች።

"አምጫት። አልጋውን አሙቄዋለሁ።"

ልጄን አልለቀቅኳትም። ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል አደረግኳት።

"አላስተኛትም" አልኩ። "ከፈለግሽ አንቺ ተኚበት።"

ያንን መስመር ከወረቀቱ ላይ ቦጭቄ ጣልኩት። መስኮቱን በረገድኩት። ቁልፏን ፈታሁ። መድኃኒቱን ወዝውዤ ነፋሁላት፣ ቆጠርኩ፣ ደግሜ ነፋሁላት። አምቡላንስ ጠራሁ።

ሹክሹክታው አላቆመም። ልጅቷ ደክሟታል አለ... ጨካኝ እናት አለኝ... መሃይም አለኝ።

እኔም መቁጠሬን አላቆምኩም።

የአምቡላንሱ ነርስ ሲደርስ ከንፈሯ መቅላት ጀምሮ ነበር። ደረቷን አዳመጠና፣ ብታስተኚያት ኖሮ አንደርስላትም ነበር አለኝ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ተከፈተው መኝታ ቤት ሄደ።

"ያቺ የተኛችውስ... ምን ሆና ነው?"

ዞር አልኩ።

አልጋው ላይ ማንም የለም።

ትራሱ ግን፣ መሃሉ ላይ... ቀስ ብሎ... እየሰመጠ ነበር።