ለጥሩሰው የተከለከለው ፍትሐት

«ፍትሐት አይደረግለትም አሉኝ» አለች መዓዛ። «ራሱን ለገደለ ሰው ቤተ ክርስቲያን አትጸልይም አሉ። ነገ ቀብሩ ነው፣ መነን። ባሌን እንደ ውሻ አፈር ላልብሰው ነው?»

መነን መኪናዋን ፓይን ሌክ ካለው ከመዓዛ ቤት ደጃፍ አቁማ ገብታ ገና መቀመጧ ነው። በስደተኞቹ ሰፈር በክላርክስተን ያደገች፣ በአንድ ጠበቃ ቢሮ መርማሪ ሆና የምትሠራ፣ ንዴቷ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያለ ሴት ናት። ከልጅነቷ እንደ ታላቅ እህት የምታያት መዓዛ ዓይኗ አብጦ፣ ድምጿ ጠፍቶ ስታገኛት ደሟ ፈላ።

የሞተው ጥሩሰው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ፣ በትልቁ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ኃላፊ ነበር። አርብ አመሻሽ ላይ ከአምስተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቆ ቅዳሜ ማለዳ አትክልተኛ አገኘው። ፖሊስ ሰኞ ዕለት «ራሱን አጥፍቷል» ብሎ ፋይሉን ዘጋ። የቀረውን ያገሬ ሰው ጨረሰው። የመሬቱን ወሬ ያመጣው እሱ ነው፣ ውሸት ሲሆንበት አፍሮ ዘለለ ተባለ።

የመሬቱ ወሬ ያላንኳኳው የሐበሻ በር አልነበረም። ሆቴሉ ሊሰፋ ነው፣ አዲሱ ሕንፃ አጥሩን አልፎ ጫካው ላይ ያርፋል፣ ያኔ ጫካው ወርቅ ይሆናል ተባለ። በአጎራባቹ ኖርክሮስ ቢሮ ከፍቶ ቤትና መሬት የሚያሻሽጠው ለገሰ ያን ጫካ ሸንሽኖ ለታክሲ ነጂው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለጡረተኛው ሸጠ። ወሬ ሲሸጥ ገዢ አይጠፋም፤ ሲከስር ግን ባለቤት የለውም። ሰዉም ይህን ወሬ አፉ በተዘጋ ሰው ላይ ጫነው። መነንን ያንገበገባት ይኸው ነበር።

«ልብሱ የት አለ?» አለች።

መዓዛ ቀብር አስፈጻሚዎቹ የሰጧትን ፌስታል አመጣች። በውስጡ አረንጓዴው የሆቴሉ ዩኒፎርም አለ። መነን በዓይኗ ስታየው ከአቧራና ከደም በቀር ምንም አላገኘችም። በእጇ ስትዳብሰው ግን ከኮቱ ጀርባ፣ ወገቡ ላይ፣ ጨርቁ እንደ ካርቶን ደርቋል። አሸተተችው። ቀለም ነው፤ ያውም ከኮቱ ጋር አንድ ዓይነት አረንጓዴ። የኮቱን ፊት፣ የሱሪውን ጉልበት፣ የጫማውን ሶል አገላብጣ አየች። አንድ ጠብታ የለም።

«እትዬ መዓዛ፣ ይህን ልብስ ማንም እንዳይነካው» አለችና ወጣች።

ሆቴሉ ውስጥ የተቀበለቻት ምስጋና ናት፤ ታይምሼር ሻጭ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። ጥሩሰው የወደቀበት ክፍል ለገዢ የሚታይ ናሙና ነው፤ አዲስ ሶፋ፣ አዲስ ኩሽና፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ፍራፍሬ።

«ቁልፉ ያንቺ ነው አይደል?» አለች መነን።

«የስ፣ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አርብ ወደ ኤርፖርት ልወጣ ስል መጣ። ኦርላንዶ የሽያጭ ትሬኒንግ ነበረኝ። የተመለስኩት እሁድ ማታ ነው፣ መሞቱንም የሰማሁት ያኔ ነው። ‹አንድ ሰው በረንዳው ላይ ቆሞ በዓይኑ እንዲያይ እፈልጋለሁ› አለኝ።»

«ምኑን?»

«ምንም አለመኖሩን! ኤክስፓንሽን የሚባል ነገር የለም እኮ። አዲስ ሕንፃ አይሠሩም። ይሄንኑ አሮጌውን ነው ወደ ታይምሼር ኮንቨርት የሚያደርጉት፤ አንዱን ክፍል በሳምንት በሳምንት ቆራርጠው ለብዙ ሰው መሸጥ። ጥሩሰው ሚቲንጉ ላይ ሰምቶ ተቃጠለ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለሁሉም እነግራለሁ አለ።»

«ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«ተጣልተናል። ደንበኛ ሊፈርምልኝ ሲል ‹ቤታችሁ ሄዳችሁ አስቡበት› ይላቸዋል። አይ ሚን፣ ያናድደኝ ነበር!» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ግን ልክ ነበር። እንኳን ልገድለው፣ ሰው ቢነካው አልወድም።»

«ያመጣውን ሰው አየሽው?»

«አላየሁትም። እውነቴን ነው።»

መነን በረንዳው ላይ ወጣች። መደገፊያው ብረት አጭር ነው፤ ወገቧ ድረስ ብቻ ነው የሚደርሰው።

«ይህን መቼ ቀቡት?»

«አርብ ከሰዓት። እዚህ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው።»

ከብረቱ መሃል ላይ የአንድ ሰው ወገብ ያህል ቦታ ቀለሙ ተጠርጎ ሄዷል። ከዚያ ወዲህም ወዲያም የእጅ መዳፍ ወይም የጫማ ምልክት የለም። ታች፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ያ ወርቅ ይሆናል የተባለው ጫካ ጥድና ረግረጉን ይዞ ተኝቷል። መነን ጥርሷን ነከሰች።

የሆቴሉን ሚኒባስ የሚነዳውን ኢሳያስን መኪናው ውስጥ አገኘችው። እሱም ከጫካው ገዝቷል። ከሁለት ሳምንት በፊት በሰው ፊት የጥሩሰውን ኮሌታ ይዞ ነበር፤ ይህን አልደበቀም።

«አዎ ያዝኩት። ‹አታለልከን› አልኩት። እሱ ግን ‹እኔ ሊሰፋ ነው ብዬ አላውቅም› አለኝ። አላመንኩትም። አርብ ከአመሻሽ ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ኤርፖርት እንግዳ ሳመላልስ ነበር፤ ጠይቂ።»

«ሬሳውን ለይተህ ያረጋገጥከው አንተ ነህ። ከዚያ ለማን ነገርክ?»

ኢሳያስ ተቆጣ። «ለማን እነግራለሁ? ሚስቱ ሳትረዳ ለማን ይነገራል? መርዶ በስልክ የሚያወራ ባለጌ ነው! ለሁሉም ‹ትንሽ አሞት ሆስፒታል ገብቷል› ነው ያልኩት። መዓዛንም እሁድ ሊነጋ ሲል ሽማግሌ ይዤ ሄጄ አረዳኋት። እስከዚያ እንዴት እንደሞተ ከአፌ አልወጣም።»

መነን ሚኒባሱ አጠገብ እንደቆመች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ወደ አባ ገብረእግዚአብሔር ደወለች።

«አባ፣ ጥሩሰው ራሱን ገደለ የሚለውን መጀመሪያ የሰሙት መቼ ነው?»

«ቅዳሜ፣ ልጄ። ከጠዋቱ ኪዳን በኋላ።»

«ማን ነገረዎት?»

ነገሯት። አመስግና ዘጋችውና ወደ ፖሊሱ መርማሪ ደወለች።

አመሻሽ ላይ የመዓዛ ሳሎን ሰው ሞላው። አባ ከመስኮቱ ሥር፣ ኢሳያስና ምስጋና ከግድግዳው ጥግ ተቀምጠዋል። ለገሰ ካርቶን ካርቶን ውኃ ከመኪናው እያወረደ ያስገባል።

«ጋሽ ለገሰ፣ እርስዎ እንዴት ሰሙ?» አለችው መነን።

«ኢሳያስ ደውሎ ‹አሞታል› አለኝ። ‹አሞታል› ሲባል የማይገባው ሐበሻ አለ?» ራሱን ነቀነቀ። «ምስኪን። ሐፍረት ነው የገደለው። ሆቴሉ ሊሰፋ ነው ያለን እሱ አይደል?»

«ይቀመጡ» አለች መነን። ድምጿ ስለጠነከረ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጥሩሰው አልዘለለም። የበረንዳው ብረት አርብ ከሰዓት ተቀብቷል። ሊዘል የወጣ ሰው ብረቱን ይጨብጣል፣ እግሩን ያነሳል፣ ሱሪውና ጫማው ቀለም ይነካዋል። የጥሩሰው ሱሪ ንጹሕ ነው፤ ብረቱም ላይ የእጅ ምልክት የለም። ቀለሙ ያለው ጀርባው ላይ ብቻ ነው። ኮቱም ቀለሙም አረንጓዴ ስለሆነ ፖሊስ አላስተዋለውም። ፊቱን ለሰው ሰጥቶ እያወራ ሳለ ደረቱን ተገፍቶ ወደ ኋላው ነው የሄደው።»

መዓዛ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«የገፋው ማነው? ምስጋና ቁልፍ ነበራት፣ ግን ኦርላንዶ ነበረች፤ ቼክ አድርጌያለሁ። ኢሳያስ ቂም ነበረው፣ ግን ከአመሻሽ እስከ ንጋት ኤርፖርት ነበር፤ ይህንንም ሆቴሉ አረጋግጦልኛል። ጥሩሰው በረንዳው ላይ የወሰደው ሰው ጫካው ባዶ መሆኑን በዓይኑ ማየት ያለበት ሰው ነው። ጫካውን የሸጠው ሰው።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ ለገሰ። «እኔን ነው?»

«አባ፣ ቅዳሜ የተባሉትን እስቲ ይድገሙልን።»

አባ በትራቸውን ጨበጡ። «‹ጥሩሰው አፍሮ ራሱን ከበረንዳ ወረወረ፣ ፍትሐት አይገባውም› አለኝ። ለገሰ ነው ያለኝ።»

«ገመትኩ!» አለ ለገሰ። «ገመትኩ አልኩ እኮ!»

መነን አንቱታውን ጣለችው። «ሞቱን ትገምታለህ። በረንዳውንም ትገምታለህ? ቅዳሜ ጠዋት ፖሊስ ራሱ ዘለለም ተገፋም አላለም ነበር። ኢሳያስ ሆስፒታል ነው ብሎ ነበር። ይህች ሴት ባሏ ሆስፒታል የተኛ መስሏት አጥሚት ይዛ ከዚህ እዚያ ስትባል ውላለች! መላው ሐበሻ መርዶውን አፍኖ በያዘበት ቀን አሟሟቱን የሚያውቅ ከገዳዩ በቀር ማን ነበር? አንተ ወሬው ወዲያው ለሁሉም የተዳረሰ መስሎህ ቸኮልክ። መግደልህ አልበቃ ብሎህ ውሸትህን ሬሳው እንዲሸከምልህ ፈለግህ!»

ለገሰ ተነሣ፤ መልሶ ተቀመጠ። «ዝም በል ብዬ ለመንኩት» አለ ወለሉን እያየ። «አንድ ወር ብቻ ታገሠኝ አልኩት። ‹እሁድ እናገራለሁ› አለኝ። ሰው ሁሉ ሊዘለዝለኝ ነበር! ገፋ ሳደርገው ... ብረቱ አጭር ነው።»

ኢሳያስ ተወርውሮ ሊይዘው ሲል መነን መሃል ገባች። «ተው! ፖሊሶቹ ደጅ ናቸው።»

ገብተው ወሰዱት። ለቀስተኛው ሁሉ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ ወለል ወለሉን ያያል። አባ ወደ መዓዛ ቀረብ ብለው «ልጄ፣ ነገ ፍትሐቱ በሙሉ ይደረግለታል። እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ።

መዓዛ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። «ሳይጠይቁ አመኑ» አለች። «ሃያ ዓመት ያስቀደሰ ሰው ነው። አንድ ሰው መጥቶ ቢነግርዎት አመኑ። እናንተም ሁላችሁ! ምግቤን እየበላችሁ ‹አፍሮ ነው› ስትሉ ሰምቻችኋለሁ። እኔን ይቅርታ እንዳትጠይቁኝ። እሱን ጠይቁት።»

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ካህናቱ ማዕጠንቱን ይዘው ሲቆሙ አባ ገብረእግዚአብሔር መጽሐፉን አልከፈቱም። ቆባቸውን አውልቀው፣ ሕዝቡ ሁሉ እያያቸው፣ ሬሳ ሳጥኑ ሥር ተንበረከኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ምእመኑ ለእሳቸው ሲለው የኖረውን ቃል ለሞተው ሰው አሉት።

«ጥሩሰው፣ ይፍቱኝ።»

አባ እንደተንበረከኩ ቀሩ። መዓዛም ይነሡ አላለቻቸውም።