ኤሲው ላይ የተሠራ ጎጆ

ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የዘረመል መመርመሪያ ቤት፣ እንግዳ መቀበያው ወለል ላይ፣ አቶ ክፍሉ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ ሞተው ተገኙ። ለላቦራቶሪው የብቃት ማረጋገጫ ለመስጠት ወይም ለመከልከል የመጡ ተቆጣጣሪ ነበሩ። አስከሬኑ አጠገብ ቆማ የተገኘችው ካውሰር ናት። ትናንት እዚያው በር ላይ «ቤቴን አፈረሳችሁት! ነገም እመጣለሁ!» ብላ ጮኻ ነበርና ሰፈሩ ወዲያው ፈረደባት። የሰው አፍ መች ማስረጃ ይጠብቃል!

ቤቷን ያፈረሰው የላቦራቶሪው ውጤት ነው። ትንሿ ፋርቱን የባሏ የቢሌ ልጅ አይደለችም ብሎ እናትና ልጅን አስባረረ።

ኢንስፔክተር ተሻለች ጎንበስ ብለው የሟቹን ጭብጥ ፈለቀቁ፤ ደረቅ ሳርና የወፍ ላባ። ወለሉ ላይ ግን ደም የለም ማለት ይቻላል።

«የት ነበሩ?» ሲሉ የላቦራቶሪውን ባለቤት ሰይፈ ሚካኤልን ጠየቁ።

«ማሽኑ ክፍል፣ ናሙና እየመረመርኩ። ጩኸቱ ሌላ አያሰማም።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ኤሲው ቀን ከሌት ይሠራል። ያለሱ ማሽኑ አይነሳም። ድሬ እኮ ነው፣ አቦ!»

ናሙና ተቀባይዋ ሶፊ ስታለቅስ ዓይኗ አብጧል።

«እኔ ናሙናውን ተቀብዬ ፍሪጅ አስገባለሁ፤ ምርመራው የእሱ ነው። ጠዋት ቀፊራ ገበያ ልኮኝ ነበር።»

«የጓሮው በር ቁልፍስ?»

«ከቀበቶው አይለይም። ማንንም አያስገባም።»

ተሻለች ቁልፉን ተቀብለው ጓሮውን አዩ፤ ፍሪጁንም ከፈቱ። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰቡ፤ ፋርቱንን ያቀፈችውን ካውሰርን፣ በግድ የመጣውን ቢሌንም ጭምር።

«ጓሮ ያለው የኤሲው ማራገቢያ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታ ጫጩት ፈልፍላለች» አሉ። «ቢሽከረከር አንዷም ባልተረፈች። ማሽኑ ከቆመ ከርሟል ማለት ነው። ውጤቱን ሁሉ ከሆድህ ነው የምታወጣው፣ ሰይፈ ሚካኤል! አቶ ክፍሉ ይህን ደረሱበት። ጎጆውን ሲነኩ ከኋላ መታሃቸው፤ ሳሩ እጃቸው ውስጥ ቀረ። የጓሮውን ሲሚንቶ ብታጥበውም ደሙ ስንጥቁ ውስጥ አለ። ካውሰር ወደ ተቆለፈው ጓሮ በየት ትገባለች? እንደምትመጣ ስለዛተች፣ በሷ እንዲሳበብ አስከሬኑን ወደዚህ ጎተትከው።»

ሰይፈ ሚካኤል አንገቱን ደፋ። «ማሽኑ ይጠገናል ብዬ ነበር» አለ።

ተሻለች ከፋርቱን ጉንጭ የተወሰደውን፣ ፍሪጁ ውስጥ ያገኙትን ናሙና ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። እሽጉ አልተነካም።

ቢሌ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «ታዲያ ልጄ ናታ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ማንም አልመረመራትም» አሉ ተሻለች።

«ወላሂ ብዬ ነግሬህ ነበር» አለች ካውሰር፣ እንባዋን ሳትጠርግ። «የኔን መሐላ ትተህ ወረቀት አመንክ።»

ቢሌ ልጅቷን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ፋርቱን ፊቷን አዞረችና የእናቷን አንገት ጥብቅ አድርጋ ያዘች።