ከአበባ የተሠራችው ሴትዮ

«እጅሽን ከፊቷ ላይ አንሺ ብያለሁ!»

«ፊቷ የግልሽ ነው እንዴ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ዳር ዳሩን ቅጠል ስለጥፍ የኖርኩት እኔ ነኝ! አንቺ ትናንት መጥተሽ ዛሬ ፊት ልትሠሪ?»

«ሥሪ ያሉኝን ሰዎች ጠይቂያቸው! እኔ ለምኜ አልገባሁም።»

የምጮኸው እኔ ነኝ። አቪስ እባላለሁ። የምትመልስልኝ ደግሞ ኮሪን ናት። ወሩ ሐምሌ፣ ዕለቱ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ቦታው ደርቢሻየር ውስጥ፣ ሆሊንዴል በምትባለው መንደራችን፣ አሮጌው የሣር መጋዘን።

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም። ማመን የማይፈልግ ይተወው... እኔ ግን ይህን ስጽፍ እንኳ እጄን ላለማየት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነው።

በመንደራችን በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ምንጩን አበባ እናለብሰዋለን። ከበር የሚበልጥ ሰሌዳ ላይ በጨው የታሸ እርጥብ ጭቃ እንደለድላለን። ጭቃው ላይ በአበባ ቅጠል ብቻ ሥዕል እንሠራለን። ሥዕሉ ሁልጊዜ ያው ነው... ምንጭ ዳር የተቀመጠች ሴትዮ። ሰሌዳው ምንጩ ላይ ከቆመ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ማርሽ ባንድ አለ፣ ጭፈራ አለ፣ ገመድ ጉተታ አለ፣ ኬክና ቢራ አለ።

የሴትዮዋን ፊት መሥራት ትልቅ ክብር ነው። ፊቷን የሠራች ሴት ሱቅ ስትገባ ወረፋ ይለቀቅላታል።

ዘንድሮ ተራው የኔ ነው ብዬ ነበር። የድሮዋ ፊት ሠሪ ዓይናቸው ደክሞ ሥራውን ሲተዉ ከኔ ሌላ ማን አለ ብዬ ነበር።

ኮሪን መጣች። ከከተማ የመጣች፣ ቀጫጭን ጣት ያላት፣ ስትስቅ አንገቷን ዘንበል የምታደርግ።

ባሌ ክሊፍ ነጭ ጽጌረዳ በባልዲ ተሸክሞ ሲያመጣላት አየሁ። ለኔ ባዶ ባልዲ እንኳ ተሸክሞልኝ አያውቅም።

ጩኸታችንን ሰምተው አቶ ኦግደን ገቡ። የሰሌዳውን ሥራ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚመሩት እሳቸው ናቸው።

«በቃ፣ በቃ፣ ዳክዬዎቼ!» አሉ። በኛ አገር ሰው ሲወዳችሁም ሲቆጣችሁም ዳክዬ ነው የሚላችሁ። «አቪስ፣ አንቺ ቅጠሉን። ኮሪን፣ አንቺ ፊቱን። ደግሞ ከታች ወደ ላይ! እንደ ቤት ክዳን አንዱን ባንዱ ላይ ደርቡት። ዝናብ ሲመጣ ላይ ላዩን ይንሸራተት እንጂ ውስጥ እንዳይገባ።»

«ዓይኗንስ ማን ያስገባል?» አልኩ።

«ዓይን እዚህ አይገባም። ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ዓይኗ ሁለት ጥቁር የዛፍ ፍሬ ነው። የሚገባው ሰሌዳው ምንጩ ዘንድ ከደረሰ በኋላ፣ ፊቷን ወደ ውኃው አዙረን ነው። መጀመሪያ ማየት ያለባት ውኃውን ነው። ልጅ ሆኜ «ሰው ብታይስ?» ብዬ አቶ ኦግደንን ጠይቄያቸው ነበር።

«ሰው ካየችማ... ውኃውን ምን ታደርገዋለች?» አሉኝ።

ቀልድ ነበር የመሰለኝ።

«ዘንድሮ ኮሪን ብታስገባውስ?» አለ ክሊፍ ከኋላዬ። «ጣቷ ቀጭን ነው።»

ጣቷ ቀጭን ነው...

የኔን ጣት አይቶት ያውቅ ይሆን?

ሁሉም ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ደጅ የአጃ ቂጣ በቺዝ እየጠበሱ ነው። የኮሪን ሳቅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። ከሥሩ ደግሞ የክሊፍ ሳቅ።

መጋዘኑ ውስጥ እኔና ሴትዮዋ ብቻ ቀረን።

ፊቷ አልቋል። ለመናገር ይተናነቀኛል እንጂ ያምር ነበር። ነጩ ጽጌረዳ ከአገጯ እስከ ግንባሯ እንደ ሰው ቆዳ ለስልሶ ሄዷል። የቀሩት ዓይኖቿ ብቻ ናቸው።

ሁለቱን ፍሬዎች ከሣጥኑ አነሣኋቸው።

«ፊቷን ውሰጂው ኮሪን...» አልኩ ለራሴ። «ዓይኗ ግን የኔ ነው።»

አንደኛውን ተጫንኩት። ገባ።

ሁለተኛውም ገባ።

ጎንበስ ብዬ ስለነበር ፊቴ ከፊቷ ጋር ተገጣጥሟል። ትንፋሼ ቅጠሎቹን ያንቀሳቅሳቸዋል።

ምንም አልሆነም።

እጄን ሳነሣ ግን ጭቃው... ለብ ብሎ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አቶ ኦግደን ሰሌዳውን ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ። ማን ነው ይህን ያደረገ ብለው ይጮኻሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኹም።

«ማንን አየች?» አሉ በሹክሹክታ።

እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። 

ፍሬዎቹን በቢላ ጫፍ ሊያወጡ ሞከሩ። ፍሬዎቹ አልወጣ አሉ። ማርሽ ባንዱ ደርሷል፣ ቄሱ ቆመው ይጠብቃሉ። ሰሌዳውን እንዳለ ተሸክመን ምንጩ ላይ አቆምነው። ቄሱ ባረኩ። ሰው ሁሉ ኮሪንን አቀፋት። ክሊፍም አቀፋት።

ቆጥሬ አልነበረም... ግን ከሌላው ሰው ረዘም ያለ መሰለኝ።

ሰሌዳው በቆመ በማግሥቱ፣ ከሁሉ በፊት የመጣው ፑዲንግ ነው፤ የአገራችን የጃም ጣፋጭ።

ከሱቅ ስመለስ ክሊፍ ወጥ ቤት ተቀምጦ ይበላል።

«አቪስዬ፣ ይህ ፑዲንግ ከሠርጋችን ወዲህ እንዲህ ጣፍጦ አያውቅም!»

እኔ ፑዲንግ አልጋገርኩም።

ሰማያዊ ሳህኔ ጠረጴዛው ላይ አለ። ከታች ጃሙ፣ ከላይ እንቁላሉ ወርቅ መስሎ። ልክ እኔ እንደምሠራው። አይ... እውነቱን ልናገር፣ ከኔ ይሻላል። በጣቴ ቀመስኩት።

ከጃሙ ሥር ጨው ጨው ይላል።

«ማን አመጣልህ?»

«እንዴ! አሁን አንቺ አይደለሽ ያስቀመጥሽልኝ? ግንባሬን ስመሽኝ ወጣሽ።»

ግንባሩን ከሳምኩት ስንት ዘመኔ።

ቀረብ ብዬ አየሁት። ሸሚዙ እርጥብ ጭቃ ይሸታል። ኮሌታው ላይ አንዲት ነጭ የጽጌረዳ ቅጠል ተጣብቃለች።

ኮሪን ናት አልኩ። ሌላ ምን ልል እችላለሁ?

በዚያው ቀን ከሰዓት ገመድ የሚጎተትበት ሜዳ ላይ አገኘኋት። ወንዶቹ ጭቃ ውስጥ እየተንደባለሉ ይጮኻሉ፣ እሷ ኬክ ትቆርሳለች።

«ባሌን ተዪልኝ» አልኳት ጥርሴን ነክሼ።

ሳቀችና አቀፈችኝ።

«ደግሞ ጀመረሽ? ትናንት ማታ ታርቀን የለም እንዴ! ቤቴ ድረስ መጥተሽ ይቅርታ ስትዪኝ አንጀቴን በላሽው እኮ።»

«እኔ?»

«አንቺ ነሻ! እጅሽ ግን እንዴት ይቀዘቅዛል ስልሽ ሳቅሽ...» ኬኩን ዘረጋችልኝ። «ስትስቂ እንዲህ እንደምታምሪ አላውቅም ነበር።»

ኬኩን አልተቀበልኳትም። ትናንት ማታ ከቤቴ አልወጣሁም።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ሁሉ ተለወጠብኝ። ጎረቤቶቼ ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸው ይፈካል፣ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ቀረብ ስል ግን ፈገግታቸው ይጠፋል... ሌላ ሰው የጠበቁ ይመስላሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ክሊፍን ተከተልኩት። ዶሚኖ ሊጫወት መጠጥ ቤት ገባ። በመስኮቱ አጮልቄ አየሁ።

ከጎኑ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ጀርባዋን ነው የማየው። የለበሰችው የኔን ሰማያዊ ካፖርት ነው። ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋለች። እሱ ደግሞ ድንጋዮቹን በአንድ እጁ ብቻ ይጫወታል... ሌላው እጁ የሷን እጅ ይዟል።

በሩን በርግጄ ገባሁ።

ወንበሩ ባዶ ነው።

«ምን ረሳሽ ዳክዬዬ?» አለኝ አሻሻጩ ብርጭቆ እየወለወለ። «አሁን ወጣሽ፣ አሁን ተመለስሽ።»

ክሊፍ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሲጠፋ አየሁት። ሻማ እፍ ሲባል እንደሚጠፋ።

«ካፖርትሽን የት ጣልሽው?» አለኝ።

ወንበሩን በእጄ ዳበስኩት። ረጥቧል።

ሰው በሌላ ሴት ሲቀና ቢያንስ የሚጠላትን ያውቃታል። እኔ ግን ማንን ልጥላ? ከኔ የተሻለ ፑዲንግ የምትጋግረውን? እኔ ከተጣላኋት ጋር የምትታረቀውን? ባሌ በኔ ስም እየጠራ የሚወዳትን?

በዚያው ሰሞን የፈላ ሻይ እጄ ላይ ተደፋብኝ።

አላቃጠለኝም።

የተከታዩ ሳምንት ቅዳሜ የበዓሉ መጨረሻ ነው። ከጭፈራው በፊት ወደ ምንጩ ወረድኩ። ሥዕሉ እንደ ወትሮው ሳምንት ሲሞላው ጠውልጓል፤ እኔ የለጠፍኩት ቅጠል ጥቅልል ብሎ ቡናማ ሆኗል፣ ቀሚሷ ደርቋል።

ፊቷ ግን አልጠወለገም።

ፊቷ የለም።

ጽጌረዳው በነበረበት ቦታ ባዶ ጭቃ ብቻ ነው። ንጹሕ፣ እርጥብ፣ ለስላሳ። መሬቱ ላይ አንዲትም የወደቀች ቅጠል የለችም። ፍሬዎቹ የነበሩበት ቦታ ሁለት ትንንሽ ጉድጓድ ቀርቷል።

ከሜዳው የባንዱ ድምፅ መጣ። ሮጥኩ።

ክሊፍ ይጨፍራል። ከሠርጋችን ቀን ወዲህ ጉልበቴን ያመኛል እያለ የኖረው ሰውዬ መሬቱን እየደለቀ ይጨፍራል። ሰማያዊውን ካፖርት የለበሰች ሴት ወገብ ይዞ።

ኮሪን አጠገቤ ቆማ ታጨበጭባለች። ስለዚህ እሷ አይደለችም።

አቶ ኦግደን ከፊቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቢራቸውን ይጠጣሉ። ትከሻቸውን ነካሁ።

«ከማን ጋር ነው... ክሊፍ የሚጨፍረው?»

«ከሚስቱ ጋር ነዋ!» አሉ ዓይናቸውን ከጭፈራው ሳያነሡ። «ዘንድሮ ደግሞ ምን እንዲህ እንዳፋቀራቸው እንጃ።»

«አቶ ኦግደን... እኔ ነኝ እኮ።»

ዞር ብለው አዩኝ። ረጋ ብለው፣ ከራሴ እስከ እግሬ። ፊታቸው ላይ ደግነት እንጂ ሌላ ነገር የለም።

«እንግዳ ነሽ መሰለኝ?» አሉ። «የማን ቤት ነው ያረፍሽው ዳክዬዬ?»

ሙዚቃው አበቃ። ሴትዮዋ ወደኛ ዞረች።

የኔ ፊት ነው። ያረፈ፣ ያማረ፣ ቅናት አንድም ቀን ያልነካው የኔ ፊት። ዓይኖቿ ግን ትንንሽ ናቸው። ጥቁር ናቸው።

አይርገበገቡም።

አየችኝ... ፈገግ አለችልኝ።

ዝናቡ በዚያው ቅጽበት ወረደ። ሰው ወንበሩን እያነሣ፣ ኬኩን እየሸፈነ ተተራመሰ። ጠብታው ፀጉሯን አረጠበው፣ ጉንጯ ላይ ፈሰሰ፤ እሷ እየሳቀች በእጅጌዋ ጠረገችው። ክሊፍ ጃንጥላውን ዘረጋና ወደሷ አዘነበለው። የሱ ትከሻ እየራሰ ነው። ለኔ ትከሻው ርሶልኝ አያውቅም።

ሰማያዊ ሳህኔን ብብቷ ሥር ይዛ ክንዱን ያዘች።

«ደህና እደሪ አቪስ!» አለቻት ኮሪን።

«ደህና እደሩ ዳክዬዎቼ!» አሉ አቶ ኦግደን።

ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ጨው ጨው አለኝ። ድምፅ አልወጣም።

ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ምን የሚታይ ነገር አለ? ባልና ሚስት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ።

ሜዳው ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ያኔ ነው እጄን ያየሁት። አንዲት ጠብታ የእጄ አንጓ ላይ አረፈች። አልረጠብኩም። ጠብታዋ ከአንዱ የጽጌረዳ ቅጠል ላይ ወደ ሌላው... ከዚያ ወደ ሌላው... ላይ ላዩን፣ እንደ ቤት ክዳን፣ እስከ ጣቴ ጫፍ ተንሸራተተች።

ቀና ስል ድልድዩን ተሻግረው ነበር።